የኋላው መስክ ሕፃን

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9፣ 1990

ደልሲ ሄንችኬ ደወለች። የከተማችን የታሪክ ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ሊቀመንበር ሳትሆን የቀረችበት ማኅበርም የለም። ተስማምተዋል። እርሻውን ለቅቀን ከመሄዳችን በፊት በኋላው መስክ ለተቀበረው ሕፃን መታሰቢያ ድንጋይ ሊቆምለት ነው። ስልኩን ስዘጋ ደስ አለኝ። ደስ ካለኝ ስለቆየ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ስለ ሕፃኑ የሚታወቀው ሁሉ ከአፍ የተሰማ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት መንግሥት የላከው ቀያሽ ካርታው ላይ መስመር አሰመረና ከዚህ በላይ ዝናብ የለም፣ ስንዴ አትዝሩ አለ። ሰዎቹ አልሰሙትም። ማረስ ከጀመርን ዝናቡም ይለምደናል ብለው መስመሩን አልፈው መጡ። ዝናቡ አልለመዳቸውም። አንድ ልጅ ቀበሩና የጭስ ማውጫቸውን እንደቆመ ትተውት ተመለሱ። የእነሱንም የልጁንም ስም የሚያውቅ የለም። እኛም ከመስመሩ በላይ ነን፣ ለመሄድ ብቻ መቶ ዓመት ዘገየን።

እራት ላይ ለባሌ ለሊንዚ ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ።

«ተዉት» አለ።

«ምኑን?»

«መቃብሩን። ተዉት በቃ።»

ከዚያ ሬዲዮውን ከፈተ። ባሌ ሬዲዮ ከከፈተ ንግግሩ አብቅቷል ማለት ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 14

ሊንዚ እንደ ልማዱ የኋላውን መስክ የውሃ ገንዳ ሊያይ ሄደ። ገንዳው ከደረቀ ወራት አልፈውታል፣ በጎቹንም ወደ ቤት ካስጠጋናቸው ቆይቷል። ግን ወንድ ልጅ እሑድ እሑድ ከሚስቱ ዞር የሚልበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ጠይቄው አላውቅም። ለምሳ ዘግይቶ መጣ። ምድጃ ውስጥ የቆየው የበግ ታፋ ደርቋል። ተጋብተን እሑድ ያልደረቀ ሥጋ በልተን አናውቅም ስለው ሳቀ፣ ነገር ግን ዓይኑ አልሳቀም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 19

ዛሬ ነበር። የበጎቹን ሱፍ የሚፈልግ ጠፋ፣ ሥጋውን የሚፈልግ ጠፋ፣ ድርቆሹ አለቀ። ጎረቤታችን ኖርም በኤክስካቫተሩ የበጎቹን መቅበሪያ ጉድጓድ ቆፈረልን። ሊንዚ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ሲተኩስ ዋለ። መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋሁ፣ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ አልረዳም።

ሊንዚ ገብቶ እጁን ታጠበ። ደጋግሞ ታጠበ። ሻይ ሰጠሁት፣ ፈሰሰበት። የፈሰሰውን ጠረግኩ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 28

ከምሳ በኋላ ደልሲ መጣች። የማርማላታ ኬኬን አወጣሁ። ዕቅዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በመቃብሩ ዙሪያ ያለው የዛገ ብረት ይነሳል። መሬቱ ተቆፍሮ ኮንክሪት ይሞላል። በላዩ ድንጋይ ይቆማል፣ ድንጋዩ ላይ የነሐስ ሰሌዳ። ኖርም ቁፋሮውን በነፃ ሊሠራ ቃል ገብቷል። እሷ እያስረዳች ሊንዚ ከኋላው መስክ ተመልሶ ገባ። ባርኔጣውን አላወለቀም።

«ከዚያ መሬት አንዲት አካፋ አፈር አታነሱም» አለ።

«ሊንዚ፣ ወዳጄ፣ ይሄ እኮ ላንተ አይደለም፣ ለሕፃኑ ነው» አለችው ደልሲ፣ ድስት ውስጥ ያለ ሾርባ እንደምታማስል ቀስ ብላ።

«ሕፃኑ ቅሬታ አላቀረበም።»

«ስም የሌለው መቃብር ደስ ይልሃል?»

«ደስታ ምን አመጣው?» አለና ወጣ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ደልሲ ኬኩን አመሰገነች። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ሥራው ይቀጥል አልኳት፣ እርሻው ከእጃችን እስኪወጣ ድረስ የእኔም ነው አልኳት። እንዲህ ዓይነት ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ማታ ነው አሁን። ሊንዚ ተኝቷል፣ ወይም የተኛ መስሏል። ተናድጃለሁ። ጨካኝ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ዝምተኛ ነው እንጂ። ዛሬ ግን እውነቱን ለማየት የፈራሁ መሰለኝ። ያኔም በ1957 ከሆስፒታል ስመለስ ክፍሉ ተጠርጓል። ለልጄ የሠራኋቸው የሹራብ ልብሶች የሉም፣ የሕፃን አልጋው የለም። «አልጋውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት» አለኝ፣ ከዚያ በጎቹን ሊያጠጣ ወጣ። ሆስፒታልም ልጄን አላሳዩኝም። ሲወለድ ሞቶ ነበር አሉኝ፣ አንሶላ ጋርደው ወሰዱት፣ ወንድ ይሁን ሴት ስጠይቅ ነርሷ «ስለዚህ ባታስቢ ይሻልሻል» አለችኝ። የት እንደቀበሩት አልጠየቅኩም። ጥሩ ሚስት የማትጠይቅበት ዘመን ነበር። ሁሉም ሰው እንዳልሆነ ነገር አድርጎ አለፈው፣ እኔም አለፍኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሮስሊን ተወለደች።

ይህንን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ከመታሰቢያው ጋር ምንም አያገናኘውም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 3

ለዕቃ መጠቅለያ ካርቶን ልለምን ሱቅ ገባሁ። ከመደርደሪያው ወዲያ የኖርም ሚስት ስለ እኔ ከአንዷ ጋር ታወራለች። «ሜርል መቃብሩን ሙጥኝ ብላለች። እሷ እኮ ከዚያ ከመጀመሪያው ልጅ ወዲህ ሙሉ ሰው ሆና አታውቅም።» ካርቶኔን ይዤ በሌላው በር ወጣሁ። ስኳር መግዛት ረሳሁ።

ሮስሊን ከአደላይድ ደወለች። «እማ፣ ዕቃ መጠቅለል ትተሽ ለማታውቂው ሰው ልጅ መቃብር ትሠሪያለሽ ይለኛል አባዬ።» አባቷ በስልክ ይህን ያህል ቃል ከተናገረ ተአምር ነው አልኳት። ሳቀች። የተከራየችልን አፓርታማ ወጥ ቤት ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ግን ጥሩ ነው አለች። ምን እንደሚያሳይ አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7

ከደልሲ ጋር ልንለካ ወደ ኋላው መስክ ሄድን። ሊንዚ ከተማ ነበር፤ መቼ እንደምንሄድ ያልነገርኩት አውቄ ነው። እዚያ ከደረስኩ ስንት ዘመን። ያየሁት በሙሽርነቴ አንድ ጊዜ ነው፣ ሊንዚ መሬቱን ሲያስጎበኘኝ። ያኔ ዙሪያው የተሰባበረ የእንጨት አጥር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳየው ብረት ነው፤ የሕፃን አልጋ ፍርግርግ፣ አራት ማዕዘኑ መሬት ውስጥ ተተክሎ። ደልሲ አልገረማትም። የድሮ ሰዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር፣ ሕፃኑ ሲሞት የገዛ አልጋውን ይተክሉለት ነበር፣ በአካባቢው ሌላም አይታለች። እንጨት ያልኩት የሌላ ቦታ ትዝታ ይሆናል። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እንጨቱና ብረቱ ቢምታታብኝ ማን ይፈርድብኛል።

በውስጡ ነጫጭ ድንጋዮች ተደርድረዋል። አረም የለም። በዚህ ድርቅ አረም ከየት ይመጣል ብዬ አለፍኩት፣ ግን ከፍርግርጉ ውጭ እሾሁ እስከ ጉልበቴ ነው። ደልሲ ሜትሩን ዘረጋች። «ለአንድ ሕፃን ሰፊ ነው» አለች። እናቱ ሰፊ ቦታ ልትሰጠው ፈልጋ ይሆናል አልኳት። ያን አልጋ ትታ በጋሪ የሄደችውን እናት አስቤ አለቀስኩ። ደልሲ መሀረብ ሰጠችኝ።

ብረቱ እንዳይነሳ ለመንኳት። ላጽዳው፣ ቀለም ልቀባው፣ ኮንክሪቱ ላይ ይመለስ አልኳት። እሺ አለች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 15

ማሸግ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ቁም ሣጥን ባዶ አደረግኩ። በሩ አሁንም አረንጓዴ ነው። የመጀመሪያ ልጄ አልጋ ቀለም ትራፊ ነበር። ወንድም ሴትም ቢሆን ይሆናል ብዬ ነበር አረንጓዴውን የመረጥኩት፤ ሱቅ ያለውን ቀለም ከነጭ ጋር ራሴ ስለደባለቅኩት ከሌላ አረንጓዴ ጋር አይመሳሰልም። አልጋው አሮጌ ነበር፣ አንዱ እግሩ ተሰብሮ አባቴ በማረሻ ብረት ቀጠለልኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ያንን እግር ሲያዩ ምን አሉ ይሆን።

ሊንዚ እራቱን አልጨረሰም። ቁፋሮው መቼ ነው አለኝ። ቅዳሜ ሳምንት አልኩት። ሌላ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ሬዲዮውን ከፈተ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 20

የሽቦ ብሩሽ ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። አንዱን ጎን ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ዝገቱ ሥር አረንጓዴ።

አረንጓዴ ቀለም ያኔም ነበር። በሁሉም ዘመን አለ።

ማዕዘኑ ላይ ያለውን አፈር በእጄ ጫርኩት። የአልጋው እግር፣ በማረሻ ብረት የተቀጠለው።

ረቡዕ

አልጠየቅኩትም። ሾርባ ሠራሁ። ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርኩ መሰለኝ፣ ምንም ሳይል በላው።

ዓርብ

አልጋውን ብቻ ወስዶ ይሆናል። ለመቃብሩ አዝኖ። እንዲያ ሊሆን ይችላል። ሌላ ነገር ማሰብ አያስፈልግም። ደልሲ ደወለች፣ ኖርም ነገ በጠዋት ይደርሳል። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 24

እጄ እሺ እስካለኝ ልጻፈው።

ኖርም ኤክስካቫተሩን ጭኖ ሲደርስ ደልሲና ሁለት የማኅበሩ ሰዎች ቴርሞስና ተጣጣፊ ወንበር ይዘው ቀድመውት ነበር። ሊንዚ ግን ከሁላችንም ቀድሟል። ፒካፑን ከመቃብሩ ጋር አስጠግቶ አቁሞ፣ መስኮቱን ዘግቶ ውስጡ ተቀምጧል። እዚያ እያለ ኤክስካቫተሩ መጠጋት አይችልም።

ኖርም መጀመሪያ ሳቀ። «አለቃ፣ እዚህ መኪና ማቆም ክልክል ነው» አለው በመስኮቱ። ሊንዚ ወደ ፊት ያያል። ኖርም ወደ እኔ ዞረ። «ሜርል፣ አንቺ አውርጂው እንጂ። ፀሐይዋ ሳትከርር ልጨርስ።»

ሄጄ በሩን ከፈትኩ፣ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ኖርም እጁን አርገበገበና ወደ ሻዩ ሄደ።

«የእኛ አልጋ ነው» አልኩት።

«አዎ።»

«ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

«ሊንዚ፣ እዚያ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ናቸው።

«ዋናዋ ነርስ ሳጥን ሰጠችኝ» አለ። «በጓሮ በር አስወጣችኝ። አንድ ቦታ ቅበረው፣ ለእሷ አትንገራት፣ ካልነገርካት ቶሎ ትረሳለች አለች። ሐኪሙም እንደዚያ አለ። የት ልውሰደው? ከጎኔ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ መንዳት ጀመርኩ። ከዚያ እዚህ ልጅ እንዳለ ትዝ አለኝ። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«የትኛው?»

«ሁለቱም።»

ውጭ ደልሲ ለሰዎቹ ኬክ ታድላለች። የእኔን ኬክ።

«ልነግርሽ ነበር» አለ። «ትንሽ ትጠንክር አልኩ። ከዚያ ሮስሊን መጣች፣ ደስ ብሎሽ አየሁሽ፣ አሁን ምን አስነሳው አልኩ። ከዚያ ረፈደ። እያደር ይብሳል ሜርል። በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ይልቅ የረፈደ ይሆናል።»

«እና እሑድ እሑድ?»

«አረሙን እነቅላለሁ። እቀመጣለሁ።»

እሱ እዚህ ሲቀመጥ እኔ ምድጃው በር ላይ ቆሜ ሥጋው ደረቀ እያልኩ ስነጫነጭ ነበር። ዕድሜ ልኬን። ልመታው ፈለግኩ። ልይዘውም ፈለግኩ። አንዱንም አላደረግኩም።

«እናቱ እኮ እኔ ነበርኩ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አንተ የምትሄድበት ቦታ ነበረህ። እኔ ምንም አልነበረኝም። አንተ ግን በየሳምንቱ ወደ እሱ እየሄድክ ገንዳ ላይ ነኝ ትለኛለህ።»

«አውቃለሁ ሜርል።»

ከዚያ ከሁሉ በፊት ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅኩት። ከሆስፒታሉ ክፍል ከወጣሁ ጀምሮ ይዤው የኖርኩትን። «ወንድ ነበር ሴት?»

መስኮቱ ላይ ዝንብ ነበረች፣ እሷን ያያል።

«አላውቅም» አለ። «ሳጥኑን የሰጠችኝ በሚስማር ተመትቶ ነው። መክፈቻ ፒካፑ ውስጥ ነበረኝ። አልቻልኩም።»

በዓለም ላይ አንድ ሰው፣ ቢያንስ አንድ ሰው ያውቃል ብዬ ነበር የኖርኩት።

ወርጄ ወደ ደልሲ ሄድኩ። እዚህ አይቆፈርም አልኳት። ኖርም ባልና ሚስቱ አንድ ላይ አበዱ ብሎ ለራሱ አጉተመተመ። ደልሲ እኔን አየችኝ፣ ፒካፑን አየች፣ ያጸዳሁትን አረንጓዴ ብረት አየች። ደልሲ የምትለፈልፍ ሴት ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። «ድንጋዩ ጭስ ማውጫው ጋ ቢቆምም ያምራል» አለች፣ ወንበሯንም ራሷ ማጠፍ ጀመረች።

እሑድ፣ ኖቬምበር 25

አብሬው ሄድኩ። አረም ፈለግኩ፣ አንድም አልተወልኝም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 29

ሌሊቱን አሰብኩት። ለደልሲ ነግሬ በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ላስጨምር? ምን ብዬ? ስም አላወጣሁለትም፣ ምን ብዬ እንደማወጣም አላውቅም። ደግሞም ያልተመዘገበ ቀብር ነው፤ አንዱ ባለሥልጣን ሰምቶ ይውጣ ይላል፣ ኖርምን ይጠሩታል። ሊንዚን ጠየቅኩት። «አታስነኪው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን።

እሑድ፣ ዲሴምበር 9

መታሰቢያው ጭስ ማውጫው ጋ ቆሞ ተመረቀ። ነፋሱ የፓስተሩን ወረቀት ወሰደበትና ጸሎቱን በቃሉ ጨረሰ። መዝሙር ዘመርን፣ ግማሹ ሰው ግጥሙን አያውቀውም። ሰሌዳው ላይ «ስሙ ያልታወቀ፣ በዚህ ምድር ብቻውን ያረፈ ሕፃን መታሰቢያ» ይላል። ሰው ሁሉ «ብቻውን» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ ያዝን ነበር። የኖርም ሚስት ክንዴን ይዛ «አሁንማ ቀለል ብሎሽ ይሆናል» አለችኝ። አመሰገንኳት።

መሬቱን የገዛው ኩባንያ የላከው ጎልማሳም ነበር። ጨዋ ሰው ነው። ከሰው በኋላ ቀርቼ ለመጎብኘት መምጣት እንችል እንደሆነ ጠየቅኩት። ፍየል እንደሚለቁበት፣ በሩ እንደሚቆለፍ፣ ቢሯቸው ለማንም ፈቃድ እንደማይሰጥ ነገረኝ። «ግን ድንጋዩን አንነካውም፣ ቃል እገባልሻለሁ እናቴ» አለ። ቀጥሎ ወደ መቃብሩ ጠጋ ብሎ በጫማው ጫፍ ፍርግርጉን ነካ አድርጎ «ይሄኛው ግን የፍየሎቹን እግር ይይዛል» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ሊንዚ ሰምቷል። ስንመለስ መኪናውን እኔ ነዳሁ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 14

ቁልፎቹን አስረከብን። የጭነት መኪናው ቀድሞን ሄዷል። የቁም ሣጥኑን በር ልነቅል መፍቻ ፈልጌ ነበር፣ መፍቻዎቹ ሁሉ ታሽገዋል። ከአረንጓዴው ቀለም በጥፍሬ ትንሽ ልጬ መሀረቤ ውስጥ አደረግኩ። ወደ ኋላው መስክ የሚወስደው መገንጠያ ጋ ሊንዚ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ አላቆመም።

በመስተዋቱ ውስጥ አቧራ ብቻ ነበር የሚታየው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 16፣ አደላይድ

የአፓርታማው መስኮት የሌላ አፓርታማ መስኮት ያሳያል። ሮስሊን ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እመጣለሁ ብላለች።

ጠዋት በለመደው ሰዓት ሊንዚ ባርኔጣውን አደረገ፣ ቁልፉን ያዘና በሩ ላይ ቆመ። ወጥ ቤት ሆኜ አየሁት። በሩን አልከፈተውም፣ አልተመለሰምም። እጄን አድርቄ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ኮቴን ሳይቀር ለብሼ ነበር፣ መቼ እንደለበስኩት አላውቅም። ቆየን። ከዚያ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አውርጄ ሰቀልኩለት።

ምሳ በሰዓቱ ቀረበ። ሥጋው አልደረቀም። ሁለታችንም አልበላነውም።